በአንድ ቁልፍ የሚነሳ መኪና

«ይቺን ቁረጪያት» አለ ኡበይድ፣ በአሪፋ ትከሻ ላይ አጎንብሶ ስልኳን እያየ። «ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ። ሠላሳ ሰከንድ አትሞላም።»

አሪፋ ቪዲዮውን እንደገና አጫወተችው። ብርማ መኪና ደሴ ውስጥ፣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ያጉረመርምና ይጠፋል። እንደገና ይዞራል፤ እንደገና ይጠፋል። ሦስተኛው ላይ ረዘም አድርጎ ያጉረመርማል፤ እሱም ይጠፋል። በአራተኛው ይነሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ያማረ ነው፤ የቆዳው ወንበር፣ ሰፊው የኋላ መቀመጫ፣ ወደ ኋላ ሲኬድ መንገዱን የሚያሳየው ካሜራ።

«ባትሪ ነው እኮ» አለ ኡበይድ። «ሌሊቱን ብርድ መቶት ነው። ደሴ ነው ያለሽው፤ እዚህ ሰውም በሦስተኛው ጥሪ ነው የሚነሳው።»

አሪፋ ሳቀች። ኡበይድ የአጎቷ ልጅ ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል፤ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ደግሞ ደሴ እየወጣ መኪና ያሻሽጣል። ቀልዱ ብዙ ነው፤ ሰው እየሳቀ እንደሚፈርምለት ያውቃል። ዛሬ ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይዟት የመጣው አባቷ የገበያ ቀን ሆኖበት ነው። ጊዜው 2016 ዓ.ም. ነው። ዳታ ከተዘጋ ወራት ስላለፉ ቪዲዮ መላክ አይቻልም፤ ተቀርጾ በእጅ ነው የሚሄደው። ሁለቱ ከተቀጠሩበት ሰዓት ቀድመው ስለደረሱ ነው መኪናው ገና ሳይሞቅ የተገኘው።

«አባዬ የሚጠይቀው እኮ እሱን ብቻ ነው» አለች።

«ለዚህ ነዋ። በአንድ ባትሪ ምክንያት ይቺን የመሰለች መኪና ሊያመልጣችሁ ነው። አትክበጂ እንግዲህ። ኮሚሽኔ ሲገባ መጀመሪያ የምገዛው ያንቺን ስልክ ነው። ወላሂ።»

የአሪፋ ስልክ ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ግን በስልኩ ብቻ ማሳበብ አይቻልም። የኋላውን መቀመጫ ስትሞክረው ራሷን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትወርድ፣ የክፍሏ ልጅ ሳራ ደግሞ ቆማ ስታያት አስባዋለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ ኃጢአት አይደለም። ሚኒባሱ ሐይቅ ሳይደርስ ቪዲዮውን ቆርጣ ጨረሰች። ዋናውን ግን አላጠፋችውም።

የአባቷ የኑርዬ ነገር እንዲህ ነው። እህል ነጋዴ ነው፤ ስለ ጤፍና ስለ ማሽላ የሚያስተምረው ሰው የለም፤ ስለ መኪና ግን ብዙም አያውቅም። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ሲቃረብ አንድ አሮጌ ፒካፕ ነበረው። ሊወጡ በተነሱበት ጠዋት ቁልፉን አዞረ። አልተነሳም። ባትሪው እስኪሞት ድረስ አዞረው፤ ጎረቤት ገፋለት፤ አልተነሳም። ሌላ መኪና ቦታ አልነበረውም። እናቱ እማማ መስኡዳ ደግሞ ጉልበታቸው አይታጠፍም። «እኔን ተሸክማችሁ ልጆቹን በምን ልትይዙ ነው?» ብለው አልጋቸው ላይ ቁጭ አሉ። ጎረቤታቸው ወይኒቱ «እኔ አለሁ፣ ሂዱ» አለች። እነሱም ሄዱ፤ በእግራቸው እስከ ደሴ፣ ከዚያም አልፈው።

ከአርባ ቀን በኋላ ሲመለሱ መጋዘኑ ባዶ ነበር፤ እማማ መስኡዳ ግን በሕይወት ቆዩአቸው። ኑርዬ ስለ መጋዘኑ ሲጠየቅ ያወራል። ስለዚያ ጠዋት ግን አንድም ቀን ሲያወራ ተሰምቶ አያውቅም። ሁለት ዓመት ተኩል ሠራ፣ ያንን ፒካፕ በብረት ዋጋ ሸጠ፣ ወንድሙ ያዋጣለትንም ጨመረ፤ አሁን ስድስት ሰው የሚይዝ መኪና ፈልጉልኝ ይላል። ደላላ ሁሉ ስለ ሞዴልና ስለ ኪሎ ሜትር ሲያወራለት ዝም ብሎ ያዳምጥና «ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል?» ብሎ ይጠይቃል።

ሁለት መኪና ቀርቦላቸዋል። አንዱ የደሴው ነው። ሌላው ውጫሌ ያለው ነጭ መኪና ነው፤ ባለቤቱ መምህር ዝናቡ ይባላሉ። ማክሰኞ አባትና ልጅ አብረው ሄደው አዩት። መምህሩ ገና ሳይጠየቁ «የኋላው መስኮት በእጅ ካልተገፋ አይዘጋም፤ ሬዲዮኑ ሞቷል፤ ቀኝ በኩል አጥር ገጭቼበት ነበር» አሉ። እንደ ሻጭ ሳይሆን እንደ ተናዛዥ ነበር የሚናገሩት። ሌሊቱን ውጭ ያደረው መኪና ቁልፉ እንደዞረ ተነሳ። ግን ጠባብ ነው። ሦስቱ ልጆች ከእማማ መስኡዳ ጋር ከኋላ ሲቀመጡ አንደኛው ሰው ጭን ላይ መሆን አለበት።

አሪፋ ሁለቱን በደብተሯ ላይ አወዳደረቻቸው። ሰንጠረዥ መሥራት ትችልበታለች። ዋጋ፣ ዘመን፣ ስፋት፣ የነዳጅ ፍጆታ፣ የጎማ ሁኔታ፣ ቦሎ። የደሴው በአምስት መቶ ሺህ ብር ይወደዳል፤ በሌላው በሁሉም ይበልጣል። የመጨረሻው መስመር «አነሳስ» የሚል ነበር። እዚያ ላይ ለሁለቱም «ጥሩ» ብላ ጻፈች።

ማታ ለአባቷ የተቆረጠውን ቪዲዮ አሳየችውና ደብተሩን ፊቱ ዘረጋችው። ኑርዬ ጣቱን እያንሸራተተ እስከ ታች አነበበና የመጨረሻው ላይ ቆመ።

«ይነሳል አይደል?»

«ይነሳል።»

«ስላየሽልኝ ነው እንጂ ደላላ ቢነግረኝ አላምንም ነበር።»

እማማ መስኡዳ ከጥጋቸው ሆነው ይሰማሉ። ጆሯቸው ከጉልበታቸው ይሻላል። «ቀለሙ ምንድን ነው?» አሉ።

«ብርማ ነው እማማ።»

«ይሁን። እንግዲህ የፊት ለፊቱን ቦታ ለእኔ ያዙልኝ። ባለፈው ዘግይቼ ቦታ አላገኘሁም ነበር።»

እናቷ ሙሚና ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጆቹም ሳቁ። ኑርዬ አልሳቀም፤ ደብተሩን አጥፎ ለአሪፋ መለሰላትና ለሶላት ተነሳ። አሪፋ እራት አልበላም ብላ ተኛች።

በቀጣዩ ቅዳሜ ኑርዬ ገበያውን ትቶ ከአሪፋና ከኡበይድ ጋር ደሴ ወጣ። የመኪናው ባለቤት አቶ ሀሚዱ የተላጩ፣ ሽቶ የተቀቡ፣ ሰውን ቶሎ የሚያቅፉ ሰው ናቸው። መኪናው ታጥቦ ግቢው መሐል ቆሟል። አሪፋ ኮፈኑን በመዳፏ ነካችው። ሞቋል። እንግዳ ሳይመጣ ተነስቶ ሲሠራ ቆይቷል ማለት ነው። ቀና ስትል ኡበይድ እያያት ነበር፤ ዓይኑን ጠቀሰላት።

ኑርዬ የጫማውን አቧራ አራግፎ ገባና ቁልፉን አዞረ። መኪናው እንደ ነካው ተነሳ። አጠፋው፤ ደግሞ አስነሳው። ሁለተኛም እንደዚያው። ኑርዬ መሪውን በሁለት እጁ ዳሰሰና ወረደ።

ከዚያ ድርድሩ ተጀመረ። አቶ ሀሚዱ ሁለት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሃምሳ ሺህ አሉ። ኑርዬ ሁለት ሚሊዮን ሦስት መቶ አለ።

«ኧረ በነቢ! የነዳጅ መኪና እኮ ከእንግዲህ አይገባም ተብሏል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ብቻ። ይህን ዛሬ ብትይዘው በሚቀጥለው ዓመት ሦስት ሚሊዮን ትሸጠዋለህ።»

«እኔ ልሸጠው አይደለም የምገዛው።»

«ስድስት መቶ ይሁን፤ የመጨረሻዬ ነው።»

«አያ ኑርዬ አራት መቶ ይበል፣ ጋሽ ሀሚዱ አምስት መቶ ይበሉ፤ መሐል ላይ እኔ አለሁ» አለ ኡበይድ። የሁለቱንም እጅ ይዞ ወደ አንድ ይጎትታል። ሁለቱ ሰዎች እየሳቁ እጃቸውን ያሸሻሉ፣ ደግሞ ይመልሳሉ። በመጨረሻ ሁለት ሚሊዮን አራት መቶ ስልሳ ሺህ ላይ ደረሱ። ሊብሬው ወጣ። ኑርዬ «አንዴ ቆዩ» አለና ስልኩን አውጥቶ ቤት ደወለ።

«ሙሚና፣ እማን ልብስ አልብሻት። ከአሱር ሶላት በፊት ደርሰን እናንሸራሽራታለን። ወዴት መሄድ እንደምትፈልግ ጠይቂያት።»

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎት ስለነበር የእማማ መስኡዳ መልስ ለሁሉም ተሰማ። «ወዴት የሚለውን ተወው፤ ይነሳል ወይ?»

«በአንድ ቁልፍ እማ» አለ ኑርዬ። የመኪናውን ኮፈን እንደ ልጅ ራስ ዳበሰ። «በአንድ ቁልፍ።»

አሪፋ አባቷን እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። አፈረች። ፍርሃትም ነበረባት፤ ኡበይድ ከጎኗ ቆሟል፣ ሰውየው ሊብሬውን ይዘዋል፣ እጅ ለእጅ ሊመታቱ ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ምናልባትም እውነት ባትሪ ነው። ምናልባት ግን ባትሪ ላይሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማወቂያው ቀን የሚመጣው መቼ እንደሆነ ማን ያውቃል።

«አባዬ» አለች። «ከመጨባበጣችሁ በፊት ይህን እይ።»

ዋናውን ቪዲዮ ከፍታ ስልኩን ሰጠችው። ግቢው ውስጥ የሞተሩ ማጉረምረም ተሰማ፤ ጠፋ። ደግሞ ተሰማ፤ ጠፋ። ሦስተኛው ረዘመ። ኑርዬ አራተኛውን ሳይጠብቅ ቀና አለ።

«መቼ የቀረጽሽው ነው?»

«ባለፈው ቅዳሜ። ጠዋት።»

«ያሳየሽኝስ?»

«ቆርጬው ነበር።»

ኡበይድ «ኧረ አቦ፣ ባትሪ ነው» አለ። አቶ ሀሚዱም ቶሎ ተቀበሉት፤ «ባትሪ ነው፤ ለልጁም ነግሬዋለሁ።»

ኑርዬ ሰውየውን አያቸው። «ባትሪ ከሆነ በሳምንት ውስጥ ለምን አልቀየሩትም?»

አቶ ሀሚዱ ሊብሬውን ኪሳቸው ከተቱ። ትንሽ ቆይተው «ሁለት ሚሊዮን ሁለት መቶ ልቀበልህ» አሉ። ከሩብ ሚሊዮን በላይ በአንድ ትንፋሽ ወረደ። ኡበይድ በአሪፋ ጆሮ «አየሽ? አትርፈሽለታል፤ በይው ይውሰደው» አለ። ኑርዬ በእርግጥ ጥቂት አሰበ፤ ነጋዴ ነውና። ከዚያ የሰውየውን እጅ በትሕትና ጨብጦ «አላህ የሚሆነውን ገዢ ያምጣልዎት» አለና ወደ በሩ ሄደ። ኡበይድን አልተቆጣውም። «አንተ ሥራህ ነው፤ ባጃጅህን እየነዳህ ቆይ» ብቻ አለው።

አባትና ልጅ በሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አሪፋ አባቷ ቢሰድባት ትመርጥ ነበር።

«እህል ስገዛ ከጆንያው ሥር ነው የምዘግነው» አለ ኑርዬ ቦሩ ሜዳን ሲያልፉ፣ በመስኮቱ እያየ። «ከላይ ያለውን ማንም ያሳምረዋል። ያንቺን ደብተር ግን ሳልዘግን ነው የገዛሁት።»

«ይቅር በለኝ አባዬ።»

«ሰኞ ለመምህር ዝናቡ እደውላለሁ። ቢጠብም ይሁን።» ለረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ከከፈለ በኋላ «ለእማ ግን እኔ አልነግራትም» አለ። «አንቺ ንገሪያት።»

እማማ መስኡዳ በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር። ሙሚና አዲሱን ቀሚስ አልብሳቸዋለች፤ ሻሻቸው በወጉ ታስሯል፤ ምርኩዛቸው ጭናቸው ላይ ነው። ኑርዬ እጃቸውን ስሞ ወደ ውስጥ አለፈ። እሳቸው አንገታቸውን ዘርግተው ከአሪፋ ኋላ ያለውን መንገድ አዩ።

«የታለ መኪናው?»

አሪፋ መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር። በኡበይድ የሚጀምር ንግግር ነበር። ኡበይድ ቁረጪ አለኝ፤ ኡበይድ ስልክ እገዛልሻለሁ አለኝ። ሁሉም እውነት ነው፤ አያቷም ኡበይድን ስለሚያውቁት ይስቁና ያልፉታል። አሪፋ ግን ያንን ተወችና መሬቱ ላይ፣ ከእግራቸው አጠገብ ተቀመጠች።

«እማማ፣ መኪናው ጠዋት ጠዋት እምቢ ይላል» አለች። «ሳምንት ሙሉ አውቅ ነበር።»