በካፒቴኑ ደም ውስጥ

ትርሲት ወደ ካፒቴን አስራደ ግራ ኩላሊት የገባችው ቁርሷን በልታ እንደጨረሰች ነው። የገባችው በአካሏ ሳይሆን በሰርጎ-ዋኟ ነው፤ ከቀይ የደም ሴል እጅግ የምታንስ፣ በደም ውስጥ እየዋኘች ያየችውን ሁሉ በሐኪሙ መነጽር ላይ የምታሳይ መርማሪ። «ፈለግ» በተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ላይ ይህ ጥርስ ከማየት የተለየ ሥራ አልነበረም። የዛሬውን የተለየ ያደረገው የተኛው ሰው ነው።

እሷ ገና ተማሪ ሳለች የመንኮራኩሯ ሞተር ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ያኔ ካፒቴኑ ከየክፍሉ ኃይል እየተቀነሰ ወደ ሞተሩ እንዲሄድ አዘዘ፤ የኩላሊት እጥበት ክፍሉም ጨለመ። እዚያ የነበረው ታላቅ ወንድሟ ናሁሠናይ ነው። ሰውነቱ አብጦ፣ አንዲት ጠብታ ሽንት ማውጣት አቅቶት፣ እጇን እንደያዘ ሞተ። የኩላሊት ሐኪም የሆነችው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ለወንድሟ መታሰቢያ መሰለው። እሷ ግን የአስራደ ኩላሊት አንድ ቀን እጇ ላይ እንዲወድቅ ትመኝ ነበር።

ይኸው ወደቀ። የካፒቴኑ በሽታ የናሁሠናይ ተቃራኒ ነው፤ የጠጣው ሁሉ ሳይውል ሳያድር ሽንት ሆኖ ይወጣል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል።

ሰርጎ-ዋኟ እንደ ክር ልቃቂት ወደተጠቀለሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ደረሰች። እዚህ ችግር የለም። ደሙ በግፊት ሲገባ ውሃው፣ ጨዉ፣ ስኳሩና ቆሻሻው ሾልኮ ይወጣል፤ የደም ሴሎቹ ይቀራሉ። ትርሲት የሾለከውን ውሃ ተከትላ ወደ ቱቦው ገባች። ኩላሊት መጀመሪያ ብዙውን ነገር ይጥላል፤ ከዚያ ነው ከጣለው ላይ የሚጠቅመውን እየለቀመ ወደ ደም የሚመልሰው። ስኳሩን ሁሉ ይመልሳል፤ ከውሃውና ከጨዉም ጥቂት ብቻ ይተዋል። የተረፈው ሽንት ይሆናል። በካፒቴኑ ቱቦዎች ውስጥ ግን የመመለሻ በሮቹ አብዛኞቹ ተዘግተዋል።

«ምን አገኘሽ፣ ልጄ?» አለ ካፒቴኑ በደረቀ ድምፅ።

«እያየሁ ነው። ዝም ብለው ይተኙ።»

ምንም ማድረግ አያስፈልጋትም ነበር። እጇን ብትሰበስብ በቃ። ደሙ ይወፍራል፣ ልቡ ይደክማል፤ ማንም አይጠረጥራትም። የተተከለ ኩላሊት መሆኑን ስላየች፣ እንደ ወጉ፣ ከማን ሴል እንዳደገ ሰርጎ-ዋኟን ጠየቀች። መነጽሩ ላይ ስም ወጣ።

ናሁሠናይ።

መነጽሩን ከዓይኗ መንጭቃ አወለቀችው። ወንድሟ ሲሞት ከራሱ ሴል አዲስ ኩላሊት እያደገለት ነበር። ኃይሉ ሲቋረጥ ኩላሊቱም አብሮ ሞተ ተብላ ነበር።

«ይህን ከየት አመጣኸው?» አለች። አንቱታው ከአፏ ጠፋ።

ካፒቴኑ ዓይኑን አልሰበረም። «ማሳደጊያው የራሱ ባትሪ ነበረው። በኋላ የእኔ ሲደክም፣ ለሰውነትህ የሚስማማው ይኸው ብቻ ነው አሉኝ። የማን እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ነገሩኝ። ወሰድኩት።»

«ገደልከው፤ አልበቃህ ብሎ ዘረፍከው!»

«አዎ።»

መነጽሩን መልሳ አጠለቀች። ልታክመው አልነበረም፤ የቀሩትን በሮች ልትዘጋ ነው። ያን ጊዜ አንድ ነገር አስተዋለች። የተተከለ ኩላሊት ያለው ሰው በሮቹ እንዳይዘጉ በየጠዋቱ እንክብል ይውጣል። በዚህ ደም ውስጥ የእንክብሉ ርዝራዥ እንኳ የለም።

«መድኃኒትህን ትተሃል።»

«ሆን ብዬ ነው» አለ። «ልጁ ያጣት ያቺ ጠብታ እኔ ዘንድ ስትወርድ ማየት ሰለቸኝ። ሌላ ሐኪም ሊያየኝ ነበር፤ አንቺን ይጥሩልኝ አልኩ። ደሙን መመለስ ያንቺ ነው። ጨርሺው።»

ትርሲት አየችው። ስንት ዓመት ሙሉ ይህ ሰው ሲንቀጠቀጥ፣ ማሪኝ ሲላት በሐሳቧ ስታይ ኖራለች። እሱ ግን እንደ ውለታ ሞትን ይለምናታል።

«አልጨርስም» አለች።

በሰርጎ-ዋኟ መድኃኒቱን እየረጨች በሮቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ውሃው ወደ ደሙ መመለስ ጀመረ።

«ተይ!» ካፒቴኑ ሊነሣ ሲል የአልጋው ቀበቶ ያዘው። «ትርሲት፣ ስለ ፈጠረሽ!»

«ትኖራለህ! እንክብሉን በየጠዋቱ እኔ ራሴ አመጣለሁ፤ ስትውጠውም ቆሜ አያለሁ። ደምህን ወንድሜ ይጠብልህ። ዕድሜ ልክህን!»

ካፒቴኑ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ትከሻው ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ ደረቅ ሳግ ነበር። ቆይቶ እንባው መጣ፤ ሰውነቱ ለእንባ የሚሆን ውሃ አግኝቷል።

ወሬው በመንኮራኩሯ ተዳረሰ። ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው እጇን ሳሙ። «የወንድምሽን ገዳይ ያዳንሽ! ሰው ማለት አንቺ ነሽ» አሏት። ትርሲት አንገቷን ደፋች።

እንዳለችውም በየጠዋቱ እንክብልና ውሃ ይዛ ትሄዳለች። እሱ ይውጣል፤ እሷ ታያለች።

አንድ ጠዋት ግን በሩን ብታንኳኳ መልስ አጣች። ገፍታ ገባች። ካፒቴኑ አፉን ከፍቶ ተዘርሯል። ውሃውን ወለሉ ላይ ጥላ ሮጣ የእጁን አንጓ ያዘች። የደም ሥሩ ይመታል፤ እንቅልፍ ጥሎት ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ያን ያህል ያስደነገጣት የወንድሟ ኩላሊት ነው? ቅጣቱ ሊያመልጣት መሆኑ ነው? ወይስ ሰውየው? እጁን ግን አልለቀቀችም።