በአውራ ጣቴ የቆጠርኩት ልብ

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም።

ከቀኑ አስር ሰዓት ነው። ፀሐይ በኮሪደሩ መስኮት ገብታ ወለሉን አሙቃዋለች፤ ከአጥሩ ማዶ ጎረቤት ምንጣፍ ያራግፋል።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው "በጨለማ ምኑ ታይቶህ ይሆን" እንዳትሉኝ ነው።

ላታምኑኝ ትችላላችሁ፤ መብታችሁ ነው። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው እጠራጠር ነበር። ቁጥሮቹ ግን አሉ። በገዛ እጄ የጻፍኳቸው፣ ቀን ያላቸው ቁጥሮች። ደብተሩ ይህን ስጽፍ ጉልበቴ ላይ ነው...

ዩኒቨርሲቲ ስገባ የደረሰኝ ነርሲንግ ነበር። የዶርም ዝርዝር ሲለጠፍ ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስሜ የለም። "ቦታ እስኪገኝ ውጭ ተከራዩ" ተባልን።

ከግቢው ጀርባ ባለው መንገድ ቤት ለቤት ስጠይቅ ዋልኩ። ተማሪ ሲባል በር የሚዘጋው ብዙ ነው፤ አልፈርድባቸውም። ሊመሽ ሲል አንድ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ።

"ክፍል ይከራያል። ለጤና ተማሪ።"

የከፈቱልኝ ቀጠን ያሉ አሮጊት ናቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

"ምን ትማራለህ ልጄ?"

"ነርሲንግ፣ እማማ።"

"ስንተኛ ዓመት?"

"አንደኛ። ገና መጀመራችን ነው።"

"በእጅ የሚሠራውን አስተምረዋችኋል?"

ክፍሉ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ልቤ ስንጥቅ አለ። "ገና ነን። ለጊዜው ባዮሎጂ ብቻ ነው።"

ፊታቸው በራ።

"ጥሩ። በጣም ጥሩ። ሁለተኛ ዓመት ብትሆን አልፈልግም ነበር። እነሱ ሁሉን አውቃለሁ ባዮች ናቸው።"

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ግን ንጹሕ። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወደ ግድግዳ የሚያይ መስኮት። አሮጊቷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ባለቤቴ አልጋ ላይ ነው። በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ የልብ ምቱን ትቆጥርልኛለህ። ሌላ ምንም አልልህም።"

"አላውቅም" ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው።

አፈርኩ። የጤና ተማሪ ሆኖ የልብ ምት መቁጠር አለማወቅ! ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ የኳስ አሠልጣኛችን የልጆቹን እጅ ይዞ ሰዓቱን ሲያይ አስታወስኩ። ከዚያ በላይ ምን ይኖረዋል ብዬ "ችግር የለም" አልኳቸው።

በማግስቱ አስር ሰዓት ላይ ጠሩኝ።

ክፍሉ የኮሪደሩ መጨረሻ ነው። አልጋው ዙሪያውን በወፍራም መጋረጃ ተሸፍኗል።

"ብርሃን ያመዋል" አሉ በሹክሹክታ። "መጋረጃውን አትንካ።"

በመጋረጃው ስንጥቅ አንድ እጅ ወጥቶ ትንሽ ትራስ ላይ ተጋድሟል። የሽማግሌ እጅ። ቆዳው እንደ ተጨማደደ ወረቀት፣ ጥፍሮቹ ሰማያዊ ቢጤ።

ስይዘው ቀዘቀዘኝ።

አውራ ጣቴን ከመዳፉ ሥር፣ አንጓው ላይ ጫን አደረግሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ...

ድም... ድም... ድም...

አሮጊቷ ሰውየውን አላዩም። የሚያዩት አውራ ጣቴን ነው።

"እንደሱ ነው" አሉ። "ካንተ በፊት የነበረውም ልጅ እንደዚህ ነበር የሚይዘው።"

በእጅ ሰዓቴ ግማሽ ደቂቃ ቆጠርኩ። ሠላሳ ዘጠኝ። በሁለት አባዛሁት።

"ስንት ሆነ?"

"ሰባ ስምንት! እንደኔ ወጣት ናቸው እኮ፣ እማማ!"

በቀልዴ አልሳቁም። ደብተር አመጡልኝና ጻፍኩት። የደብተሩ የፊት ገጾች ተቀደዋል፤ የቀረው ጫፋቸው ብቻ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ አሮጊቷ አላስከፉኝም። ሳጠና ሻይ ያመጡልኛል። አንድ ቀን ሸሚዜን ሰፍተውልኝ አልጋዬ ላይ አገኘሁት። እናቴ ስትደውል "እንደ ልጃቸው ነው የያዙኝ" አልኳት። አልዋሸሁም።

ቁጥሩ ግን ይቀንስ ጀመር።

ሰባ ስድስት። ሰባ አራት። ሰባ። በሦስተኛው ሳምንት ስልሳ ሁለት።

"እየተረጋጉ ነው ማለት ነው" አልኳቸው፤ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

"አዎ" አሉ። "እየተሻለው ነው።"

እጁም የተሻለው ይመስል ነበር። አንድ ቀን ስይዘው አልቀዘቀዘኝም። ሌላ ቀን ጥፍሮቹ ቀልተዋል። ደግሞ ሌላ ቀን የቆዳው መጨማደድ የት እንደገባ አጣሁት...

ደስ አለኝ። ያዳንኳቸው እኔ መሰለኝ!

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኝ ነበር። በየቀኑ ሾርባ በሳህን ይገባላቸዋል። በየቀኑ ሳህኑ እንደ ሞላ ይወጣል።

ከመጋረጃው ጀርባ ሳል የለም። የአልጋ ሲጥሲጥታ የለም። ትንፋሽ እንኳ...

እኔ ደግሞ ይበርደኝ ጀመር።

ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ጓደኛ አለኝ። አፉ ስለማያርፍ "ራዲዮ" ነው የምንለው። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ደርቤ አየኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ምነው? ልትሰደድ ነው?"

"በርዶኝ ነው ባክህ።"

"እኛ ላብ በላብ ሆነናል፣ እሱ በርዶታል! ደረጃ ስትወጣም አይሃለሁ። ሁለት ወጥተህ ታርፋለህ። አያቴ ትቀድምሃለች፣ ሙት!"

"ውጭ መኖር ነው፤ ምግቡ አልተስማማኝም።"

"ፊትህን በመስታወት አይተኸዋል?" አለኝ። ይህን ሲል አልሳቀም።

በስድስተኛው ሳምንት የመጀመሪያው የተግባር ትምህርት ደረሰ። የምታስተምረን ሲስተር ኮስታራ ናት።

"ዛሬ የልብ ምት ነው። ማን ይሞክራል?"

እጄን አወጣሁ። ስድስት ሳምንት የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ማን ይቀድመኛል? የራዲዮን እጅ ተቀብዬ አውራ ጣቴን አንጓው ላይ አሳረፍኩ።

ሲስተር ጣቴን በእስክሪብቶዋ መታ አደረገችው።

"አንሳ።"

"ምን አጠፋሁ ሲስተር?"

"አውራ ጣት የራሱ ደም ሥር አለው። በእሱ ስትይዝ የምትቆጥረው የራስህን ልብ ነው። እንዲህ አድርገህ ሬሳ ብትይዝ 'ልቡ ይመታል' ብለህ ትጽፋለህ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ራዲዮ "አላዋቂ ሳሚ..." ብሎ ጀመረ፤ ሌሎቹ በአንድ ድምፅ ጨረሱለት።

እኔ አልሳቅሁም።

የምትቆጥረው የራስህን ልብ ነው...

ሰባ ስምንት። ሰባ። ስልሳ ሁለት። ሃምሳ። ትናንት የጻፍኩት አርባ አራት ነበር።

"ና፣ ያንተን እንየው" አለች ሲስተር። ሦስት ጣቶቿን አንጓዬ ላይ ደረደረች። ሰዓቷን አየች። እንደገና ቆጠረች፤ አሁን ሙሉ ደቂቃ።

"ስፖርት ትሠራለህ?"

"አልሠራም።"

"አርባ አራት ነው። እጅህ ደግሞ በረዶ ነው።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ነገ ጠዋት ክሊኒክ ትሄዳለህ። ሰማኸኝ?"

ብዙ ሰው ያኔውኑ ይሸሽ ነበር። እኔ ነገር ሳላጣራ መፍረድ አይሆንልኝም። ምናልባት ታምሜ ይሆናል፤ ምናልባት አጋጣሚ ነው። አንዲት አሮጊት በምን አንጀቴ ልጠርጥር? አንድ ጊዜ በትክክል ልቁጠርላቸው። ልባቸው ከተገኘ ጥፋቱ የኔ አለማወቅ ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አስር ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ነበርኩ።

እጁ ትራሱ ላይ ይጠብቀኛል። ሞልቷል። ይሞቃል። የሠላሳ ዓመት ሰው እጅ ነው።

ሦስት ጣቶቼን ደረደርኩ።

ምንም።

ወደ ላይ ፈለግሁ። ወደ ታች ፈለግሁ። ጫን አልኩ፤ ለቀቅ አደረግሁ። ግማሽ ደቂቃ አለፈ...

ምንም።

"ጣትህን ለምን ቀየርክ?" አሉ አሮጊቷ በሹክሹክታ።

"እማማ... ልባቸው..."

"አውራ ጣትህን አድርግ፣ ልጄ።"

"የሚመታ ነገር የለም፣ እማማ።"

"አውራ ጣትህን አድርግ አልኩህ።"

እጄን ልስብ ስል እጁ ተገለበጠ።

ቀስ ብሎ ነው የተገለበጠው፤ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው እንደሚገላበጥ። አራቱ ጣቶች ክንዴን ያዙ። አውራ ጣቱ አንጓዬን ፈልጎ አገኘ። ጫን አለ... ልክ እኔ እንደማደርገው።

ጎረቤት ምንጣፉን ያራግፋል።

ግማሽ ደቂቃ።

አሮጊቷ ወደኔ አልዞሩም። ወደ መጋረጃው ጎንበስ አሉ።

"ስንት ቀረው?"

ከመጋረጃው ጀርባ፣ በስድስት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሰው ድምፅ ሰማሁ። የሽማግሌ ድምፅ አልነበረም።

"አርባ ሁለት።"

እንዴት እንዳስለቀቅሁት አላውቅም። የማስታውሰው መንገዱን፣ ከዚያ የግቢውን በር፣ ከዚያ የራዲዮን ፊት ነው። ልብሴን፣ መጽሐፎቼን፣ ደብተሩን፣ ሁሉን እዚያው ትቼ ነው የወጣሁት። መጋረጃውን ገልጬ አላየሁም። "ምነው ባየኸው" የሚሉኝ አሉ። ይበሉ።

ራዲዮ ሳይቀልድ ሰማኝ። ለዕቃዬ ሄዶ በሩን ቢያንኳኳ የከፈተለት የለም። ወረቀቱ ግን እንደገና ተለጥፏል አለኝ፤ አሁን "አንደኛ ዓመት ብቻ" የሚል ተጨምሮበታል። ቀዶ ኪሱ ከቶት መጣ። በማግስቱ ስናልፍ ሌላ ተለጥፏል።

ከዚያ ወዲህ ከራዲዮ ጋር፣ እሱ ዶርም ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ ራስና እግር ሆነን እንተኛለን። ክሊኒክ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። "ልብህ ጤነኛ ነው፤ ብቻ ይዘገያል" አሉኝ።

ዛሬ አስራ አንደኛ ቀኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ተኩል ገደማ፣ የግቢው ዘበኛ ጠራኝ።

"ና ውሰድ፣ ወንድምህ ደብተርህን አምጥቶልሃል።"

"ወንድሜ? ቤተሰቦቼ ያሉት የሁለት ቀን መንገድ ርቀው ነው፣ ጋሼ።"

"እንግዲያ ዘመድህ ይሆናል፤ ትመሳሰላላችሁ። ምን የመሰለ ጤነኛ ሰው! ሲጨብጠኝ እጁ እንደ ምድጃ ነው የሚሞቀው።" ዘበኛው ሳቅ አለ። "ደግሞ አለቅህም አለኝ እኮ! አውራ ጣቱን እዚህ ጋ አድርጎ፣ የእጅ ሰዓቴን እያየ..."

አንጓውን አሳየኝ።

ደብተሩን ይዤ አልጋችን ላይ ተቀመጥኩ። ከፈትኩት።

የኔ የመጨረሻ ጽሑፍ አርባ አራት ይላል። ከሥሩ በሌላ እጅ ይቀጥላል። አንድም ቀን አልተዘለለም፤ ሁሉም "አስር ሰዓት" ይላሉ።

አርባ ሁለት። አርባ ሁለት። አርባ...

የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ብዕር ከያዘ ብዙ ዘመን ያለፈው ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። ወደ ታች ስወርድ ጽሑፉ ይጠነክራል፤ ይስተካከላል።

የመጨረሻው የዛሬ ቀን ነው። ሠላሳ ስድስት።

ሰዓቴን አየሁ። ለአስር አስር ደቂቃ ይቀራል።

ጠበቅሁ። አስር ሲሆን ሦስት ጣቶቼን አንጓዬ ላይ አደረግሁ። አሥራ ስምንት። በሁለት ሲባዛ ሠላሳ ስድስት።

ከሥሩ የነገ ቀን ተጽፏል። ቁጥር የለውም። በቁጥሩ ቦታ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

ሳላስበው አውራ ጣቴን አሳረፍኩበት።

ይመታል።

የራሴ ነው አልኩ። ሲስተር እንዳስተማረችን የራሴ ደም ሥር ነው። አውራ ጣቴን አነሳሁ። ሦስቱን ጣቶቼን ወረቀቱ ላይ ደረደርኩ...

አሁንም ይመታል። ሞቅ ብሎ፣ ጠንክሮ።

ግማሽ ደቂቃ ቆጠርኩ።

ሠላሳ ዘጠኝ።