ድቡልቡሊት እምቢ አለች

አፍንጫችሁን ያዙ! እሺ፣ አሁን ልቀቁት። የዛሬው ተረት የሚጀምረው ከአፍንጫ ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሶልያና የምትባል ልጅ ነበረች። በሶልያና ደም ውስጥ ደግሞ ድቡልቡሊት ትኖር ነበር።

ድቡልቡሊት በዓይን አትታይም፤ በጣም ትንሽ ናት። ግን ወታደር ናት! ነጭ የደም ሕዋስ ይሏታል። ሥራዋ በሽታን መዋጥ ነው።

ዋጥ! ቅርጥፍ! ዋጥ!

አንድ ቀን አጅሬ ጉንፋን በሶልያና አፍንጫ ሰተት ብሎ ገባ። ብቻውን መሰላችሁ? ኧረ ምን ብቻውን! መንጋ ሆኖ ነው እንጂ።

የሶልያና ገላ ጋለ። «እማዬ፣ ደረቴን!» አለች።

ድቡልቡሊትና ጓደኞቿ ኩስ ኩስ እያሉ ወደ ደረቷ ሮጡ።

አጅሬ ጉንፋን ግን ተንኮለኛ ነው። ወታደሮቹ ውስጥ ሹልክ ብሎ ይገባና በሹክሹክታ፣ «በቃሽ፣ ደክሞሻል፣ ሙቺ» ይላል።

አንዷ ጓደኛ እውነት መሰላት። ጷ! ፈነዳች። ሌላዋም ሰማችው። ጷ!

ድቡልቡሊት አለቀሰች። ከዚያ ንድድ አላት!

ጉንፋን እሷም ውስጥ ሹልክ አለ። «በቃሽ፣ ደክሞሻል፣ ሙቺ።»

«እምቢ!» አለች ድቡልቡሊት። «አሻፈረኝ! ሶልያናን ለማን ትቼ?»

ዋጥ! ቅርጥፍ!

ግን አንዱን ስትውጥ ሌላው ይመጣል። «ሙቺ፣ ሙቺ፣ ሙቺ» ይሏታል። ደከማት። ዓይኗ ጭፍን ጭፍን አለባት።

በዚህ ጊዜ እማዬ ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ መጣች። ቅጠሉን በመዳፏ እሽት እሽት አደረገችና፣ «አሽትቺው የኔ ልጅ» አለች።

እ... እ... እንጥሽ!

«ይማርሽ!» አለች እማዬ።

«ያኑርሽ!» አለች ሶልያና።

ድቡልቡሊት ብድግ አለች። «ሰማችሁ? ያኑርሽ አለችኝ! ሶልያና ራሷ ኑሪ አለችኝ!»

የተባለው ለእማዬ ነበር። ግን ማን ይነግራታል? እኔስ አልነግራትም!

«ስማ አንተ አጅሬ! አንተ ሙቺ ትለኛለህ፣ ሶልያና ኑሪ ትለኛለች። የማንን ልስማ? እምቢ! አሻፈረኝ!»

«እምቢ! አሻፈረኝ!» አሉ የቀሩት ወታደሮች ሁሉ። እናንተም በሉ እንጂ፣ ጮክ ብላችሁ!

ዋጥ! ቅርጥፍ! ዋጥ! አጅሬ ጉንፋን እግሬ አውጪኝ አለ። በአፍንጫ ገብቶ በአፍንጫ ወጣ።

እንጥሽ!

«ይማርሽ! በክንድሽ ሸፍኚ እንጂ!» አለች እማዬ።

ሲመሽ ትኩሳቱ በረደ። «እማዬ፣ ራበኝ!» አለች ሶልያና።

ድቡልቡሊት ሰማችና ደስ አላት። ነጭ ወታደር ሥራዋን ስትጨርስ ታርፋለች፤ አዲስ ትንንሽ ወታደሮች ይተኳታል። «አሁን ላርፍ ነው» አለች። «አጅሬ ሙቺ ስላለኝ ግን አይደለም። እኔ ስላልኩ ነው!»

ሶልያና ሾርባዋን ጠጥታ ጋቢ ለበሰች። «በይ ተኚ» አለቻት እማዬ።

«እምቢ! አሻፈረኝ!» አለች ሶልያና።

እማዬ ሳቋ መጣ። «ተመስገን! ልጄ ድናለች!» ብላ ግንባሯን ሳመቻት።

ሶልያና ትንሽ ተጫወተች፣ ትንሽ አዛጋች። ከዚያ ራሷ ስትፈልግ፣ ጥቅልል ብላ ተኛች።