ሃያኛው ምዕራፍ

አራሚው ፋርማሲስቷን ያወቃት በአንድ ፊደል ምክንያት ነው። የራስ ምታት ክኒን ሊገዛ ገብቶ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበበ። ማተሚያ ቤት ሲያርም የኖረ እጁ አላስችል አለውና ከኪሱ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቶ «መድሃኒት» የሚለውን «መድኃኒት» አደረገው።

«ወንድሜ፣ የታመመ ሰው በየትኛውም ሃ ይድናል» አለችው ከባንኮኒው ጀርባ።

«ይድናል፤ እኔ ግን እታመማለሁ።»

ሳቋ አመለጣት። እሱም ክኒኑን ረስቶ ወጣ። በማግስቱ ተመለሰ፤ በሦስተኛውም ቀን። ሳምንት ሳይሞላ ራስ ምታቱ የውሸት መሆኑን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ለማንም ያልነገረውን ለእሷ ነገራት፤ ልብ ወለድ እየጻፈ ነው። ሰባት ምዕራፍ አነበበላት። አገጯን በመዳፏ ደግፋ አንብቦ እስኪጨርስ አዳመጠችው። «ሳትጨርሰው ብትቀር አልምርህም» አለችው። መጽሐፉ እንዳለቀ ሊጋቡም ተስማሙ። እሱ ሥራውን የግማሽ ቀን አድርጎ ከሰዓቱን ለጽሑፉ ሰጠ።

ስምንተኛው ምዕራፍ ግን እምቢ አለ። የሰው ስህተት ሲለቅም የኖረ ዓይኑ የራሱን ዓረፍተ ነገር ገና ሳያልቅ ያርመው ጀመር። ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ይቀዳል። በኋላ እስክሪብቶ ማንሳቱንም ተወው፤ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ጋዜጣ ሲያገላብጥ ይውላል።

«የት ደረስክ?» ትለዋለች።

«ዘጠነኛው ላይ ነኝ» አላት መጀመሪያ። ፊቷ ሲበራ አየ። ከዚያ ወዲያ ምዕራፍ የሚቆጥረው ውሸቱ ሆነ፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስድስት፣ ሃያ። እሷ ታምነዋለች። ከሁሉ የከበደውም ማመኗ ነበር።

አንድ ጠዋት ታላቅ እህቷ ማተሚያ ቤት ድረስ መጣች። ነገር ማለዘብ የማታውቅ ሴት ናት።

«ስማ አንተ፣ እህቴ የቅርንጫፍ ኃላፊ ሆነሽ ሌላ ከተማ ሂጂ ተብላ እምቢ ማለቷን ነግራሃለች?»

«መቼ?»

«ሦስት ወር ሆነው። ‹ሃያኛው ምዕራፍ ላይ ነው፤ አሁን ብሄድ ሐሳቡ ይበተንበታል› አለችን። ቦታውን ለሌላ ሰጡት። እንግዲህ መጽሐፍህ ጥሩ ቢሆን ይሻልሃል!»

እህትየው ከሄደች በኋላ የያዘው ወረቀት ላይ አንድም ፊደል አልታይ አለው። ፋርማሲው ለምሳ ሲዘጋ ደረሰ።

«አልጻፍኩም» አላት ገና በሩ ላይ።

«ዛሬ?»

«ከሰባተኛው ምዕራፍ ወዲህ።»

የያዘችውን የሽሮፕ ጠርሙስ ቀስ ብላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ስሙ ወደ ፊት እንዲሆን አዞረችው። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለው ነበር።

«ብትነግረኝ እኮ አብሬህ እቀመጥ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አሁን ሂድልኝ።»

ሄደ። በማግስቱ ከሥራ ሰዓት ቀድሞ ማተሚያ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። ቀይ እስክሪብቶውን ቤት ትቶት መጥቷል። አንድ ገጽ ሳይሞላ ላይነሳ፣ የጻፈው ቢያስጠላውም ላይቀድ ለራሱ ማለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እውነተኛውን ቁጥር በስልክ ይልክላታል። «አምስት ገጽ።» «ስድስት።» «ሁለት።» መልስ የለም። ይቅርታ አድርጊልኝ ብሎ አልጨመረበትም፤ ያን ለመጠየቅ እንኳ አፍሮ ነበር። ያጣችውን ቦታ የትኛውም ገጽ እንደማይመልስላት ያውቃል።

በአሥራ አራተኛው ቅዳሜ ጣቱ «አንድ» ሊል ቃጣው። ከዚያ «ምንም» ብሎ ላከ።

ስልኩ ጠራ።

«ምን ሆነህ ነው?»

የእሷ ድምፅ ነው። «አቃተኝ።»

«እንግዲያው ያቃተህን ይዘህ ና» አለችው።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ከፋርማሲው ጓዳ፣ በካርቶኖቹ መሃል አብረው ይቀመጣሉ። እሷ የመድኃኒት ዝርዝሯን ታያለች፣ እሱ ይጽፋል። እጁ ሲቆም ቀና ብላ ታየዋለች፤ አትናገርም። አሥራ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ሳሉ፣ «እኔ ከእንግዲህ ምዕራፍ አልጠብቅም፤ የምታገባኝ ከሆነ አሁን አግባኝ» አለችው። መጽሐፉ ሳያልቅ ተጋቡ።

ሠርጋቸው ዓመት ሊሞላው ሲል፣ አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«አልቋል» አላት።

«እውነት?»

ሳታስበው ነው ያመለጣት። ወዲያው ደነገጠች፤ ፊቷ ቀላ። እሱ ግን የሚቀየምበት አንጀት አልነበረውም። ያችን ጥያቄ አፏ ላይ ያስቀመጣት እሱ ራሱ ነው።

ወረቀቶቹን ጭኗ ላይ አኖረላት። እሷ አላየቻቸውም፤ እጁን ያዘች።

«ይቅርታ፣ አመለጠኝ» አለች።

«ይቅርታ የምትጠይቂው አንቺ አይደለሽም» አላት። «ጠይቂኝ። ሁልጊዜ ጠይቂኝ።»

በሩ ተንኳኳ፤ መድኃኒት ፈላጊ መጥቶ ነበር። ሁለቱም ለጊዜው አልተነሱም።