ስምንት ሚሊ ሜትር

«አንቺ፣ እግሬ ነው ወይስ የጂኦሜትሪ ደብተር?» አለ አባቷ፣ ውስጥ እግሩን ማስመሪያው እየኮረኮረው።

«አትንቀሳቀስ፣ አባዬ!»

ሚጣ ወለሉ ላይ ተንበርክካለች። አሥራ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ ቤትም ሰፈርም ግን ሚጣ ማለቱን አልተዉም። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ከቤታቸው ጋር በተያያዘችው ሱቅ፣ ከስፌት መኪናው ጀርባ ተቀምጦ ባዶ እግሩን ዘርግቶላታል። የትምህርት ቤቱ የጤና ክበብ ከቤተሰብ ቆዳ ላይ አንድ ምልክት መርጣችሁ፣ በወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ግለጹ ብሏል።

ክበቡን የሚያስተምሩት ከጤና ጣቢያ የሚመጡ ነርስ ናቸው፤ ሁሉም «ሲስተር» ይላቸዋል። «የበሽታ ስም እንዳትጽፉ» ይላሉ። «ስም ከሰጣችሁ ማየት ታቆማላችሁ። ጠፍጣፋ ነው ያበጠ? ውሃ ቋጥሯል መግል? ቀለሙስ? ጠርዙስ? ስፋቱስ?» አንዱ ልጅ የወንድሙን ግንባር «ብጉር በብጉር» ብሎ ጽፎ ቢመጣ፣ «ይሄ ስድብ እንጂ ገለጻ አይደለም» ብለው መለሱለት።

የሚጣ ያለፈው ወር ወረቀት «ቀኝ ውስጥ እግር፣ ጎድጓዳው ላይ። ጠፍጣፋ። ቡናማ። አምስት ሚሊ ሜትር» ይላል። ዛሬ ሦስት ጊዜ ለካች። ስምንት ነው። ጠርዙ በአንድ በኩል ተሸራርፏል፤ መሃሉ ጠቁሯል፣ ዳሩ ግራጫ ሆኗል። ማስመሪያውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ጨምሯል፣ አባዬ።»

«ፔዳሉ ነው። ሃያ ዓመት ብረት ረግጬ ባይጠቁር ነበር የሚገርመው።»

«ፔዳሉ የሚነካው ጣትህንና ተረከዝህን ነው። ይሄ ምንም የማይነካው ቦታ ላይ ነው።»

አባቷ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። እናቷ ወዳለችበት ጓዳ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚ ዶክተሬ፣ የስልሳ ሰው ዩኒፎርም ቆርጬ አስቀምጫለሁ። ሐኪም ቤት አንዴ ከገባሁ ሂድ ና ነው። እናትሽ ከሰማች ደግሞ እንቅልፍ የላትም። አምስት ብለሽ ጻፊ። ሥራው ሲያልቅ ራሴ እሄዳለሁ። ቃል ግቢልኝ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት አባቷ ይወደዋል፤ ለሌላ ሰው ሲሆን። ሚጣ ግን አባቷን እምቢ ብላ አታውቅም። «እሺ» አለችና አምስት ብላ ጻፈች። በጣም ፈርታ ነበር፤ በራሷም አፍራለች።

በማግስቱ ሲስተር ወረቀቱን አዩት። «አልተለወጠም? ጥሩ ነው» ብለው ከሌሎቹ ላይ ደረቡት። የሌላ ልጅ ወረቀት መጣ፣ በላዩም ሌላ። ሚጣ የራሷ ወረቀት ከሥር ሲቀበር ቁጭ ብላ አየች። ከእንግዲህ ያቺን እግር ዞሮ የሚያያት ሰው የለም።

ደወሉ ተደውሎ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ጠረጴዛው ጋ ሄደች።

«ሲስተር፣ ወረቀቴን ይመልሱልኝ።»

«ምን ጎደለው?»

«ውሸት ነው።»

አምስቱን ሰርዛ ስምንት ጻፈች። ስለ ጠርዙም ስለ ቀለሙም ያየችውን ሁሉ አሰፈረች። ሲስተር ሁለት ጊዜ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«የማን እግር ነው?»

«የአባቴ። እንዳልናገር ቃል አስገብቶኛል።» እንባዋ መጣ። «ክፉ ነገር ነው እንዴ?»

«ሳይመረመር አላውቅም፣ ልጄ። አላውቅም ማለት ግን ይቆይ ማለት አይደለም። ዛሬውኑ መታየት አለበት።»

አብረው ሱቁ ሲደርሱ የስፌት መኪናው ይንጣጣል። አባቷ ቀና ሲል መጀመሪያ ሚጣን አየ፤ ቀጥሎ በሩ ላይ የቆሙትን ሲስተር። እግሩ ፔዳሉ ላይ ቆመ።

«ቃልሽስ?» አለ።

«አፍርሼዋለሁ፣ አባዬ።»

እንደሚቆጣት ታውቃለች፤ ምናልባትም ለብዙ ቀን ያኮርፋት ይሆናል። ጎንበስ ብላ ከመኪናው ሥር ጫማውን አወጣችና እግሩ አጠገብ አስቀመጠችለት።