ማንም ያልተቀባው ሽቶ

እኔ እኮ ስለ ጂንና ስለ ቆሌ ሲወራ በሳቅ የምፈርስ ሰው ነኝ፣ ሮቤ ገበያ ሄዳችሁ "ያ ሽቶ የሚሸጠው ጉረኛ የታለ?" ብትሉ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ሱቄን ያሳያችኋል፣ አንድ ሰው "እንዲህ ያለ ነገር አየሁ" ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ "ምን ጠጥተህ ነበር?" የምለው እኔ ነኝ። አሁን የማወራችሁን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ክረምቱን ሙሉ መሳቂያ አደርገው ነበር። ግን የደረሰው በእኔ ነው፣ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ስለ አፍንጫዬ ልንገራችሁ። ጉራ አይደለም፣ እሺ ጉራም ይሁን፣ ግን እውነት ነው። ማንም አላስተማረኝም፣ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ጠርሙስ እየከፈትኩ እየዘጋሁ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ነኝ፣ አሁን ዓይኔን ጨፍኜ በበሩ ያለፈው ሰው ምን እንደተቀባ፣ ጠዋት ይሁን አሁን የተቀባው፣ አንዳንዴም ከማን ተውሶ እንደተቀባ እነግራችኋለሁ።

እና አንድ የጊኒር ነጋዴ የወንድ ሽቶ አመጣልኝ፣ አረንጓዴ ጠርሙስ፣ አንገቱ ላይ ቀጭን የቆዳ ማሰሪያ ያለው። ስከፍተው፣ እመኑኝ፣ እንባዬ መጣ። መጀመሪያ ጦስኝ ይሸታል፣ ያ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው፣ ልክ በጣት እንደታሸ፣ ቀጥሎ አዲስ የተቆረጠ ጥድ፣ ከዚያ ቆይቶ፣ ልብስ ላይ ሲሰነብት፣ ፀሐይ ያገኘው አዲስ ኮርቻ። ይህን የሠራው ሰው ባሌን ሳያይ አልሠራውም አልኩ። ሁለት ጠርሙስ ነበር የመጣልኝ። አንዱን ራሴ ተቀባሁት፣ ከተማው ሁሉ በሱ አወቀኝ፣ ባለቤቴ አልማዝ "ከአንተ በፊት ሽታህ ነው ቤት የሚገባው" እስክትለኝ ድረስ። ሁለተኛውን ለአማቴ ለጋሽ ደበሌ ለፋሲካ ይዤላቸው ጎባ ሄድኩ።

ሌላው አማች በግ እየጎተተ ሲገባ እኔ ሽቶ ይዤ ገባሁ፣ አስቡት።

"ይኸ ምንድነው?" አሉ ጋሽ ደበሌ፣ ጠርሙሱን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው፣ ዓይናቸው ደክሟል።

"ሽቶ ነው ጋሼ፣ የጀግና ሽቶ፣ ከዚህ እስከ ሞያሌ እንደዚህ ያለ የለም።"

"ልትድረኝ ነው እንዴ?"

"ተቀባው እንጂ" አሉ እማማ ዘነቡ፣ ሚስታቸው፣ "ማን ያውቃል፣ እኔም እወድህ ይሆናል።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጋሼም ሳቁ፣ ከዚያ ግን እጄን ያዝ አድርገው "ኢልማ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "ስጦታህን ወድጄዋለሁ፣ ግን ይህን ተቀብቼ ዳማ ጋ ብሄድ አታውቀኝም። ፈረስ ሰውን በፊቱ አያውቅም፣ በጠረኑ ነው የሚያውቅ።" ዳማ ባዝራቸው ናት። ከጎባ በላይ ባለው በሳነቴ የተራራ ሜዳ ላይ ከእረኞቹ ከብት ጋር ትለቀቃለች፣ ሲፈልጓት ራሳቸው ወጥተው ነው የሚይዟት፣ ለሌላ ሰው እጇን አትሰጥም። ሽቶው ቁምሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት፣ እኔም ትንሽ ቅር አለኝ፣ አልዋሽም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው እንግዲህ። ምሳ በልቼ ሱቅ በር ላይ ስቀልድ፣ ወላጆቿን ልትጠይቅ ጎባ የሄደችው አልማዝ ደወለች።

"አባዬ ዳማን ላምጣ ብሎ ጠዋት የወጣ አልተመለሰም። ስልኩ አይሠራም። ላይ ደግሞ ጉም ወርዷል።"

"አንቺ ደግሞ፣ ጋሼን ሳነቴ ነው ያሳደጋቸው..."

"አንተ ሰውዬ፣ ዓይኑ እኮ አያይም! እዚያ ከመሸበት ብርዱ ይገድለዋል! እባክህ፣ አባቴን አምጣልኝ።"

ድምጿ ሲሰበር ቀልዴ ሁሉ ጠፋ። ሱቁን ዘግቼ በረርኩ። እና ይህን ያዙልኝ፣ ያን ቀን ምንም አልተቀባሁም፣ የራሴ ጠርሙስ ካለቀ ሰንብቷል፣ የሱቄን ሌላ ሽቶ ደግሞ ንቄ ትቼዋለሁ።

ከጎባ ወደ ሪራ የሚወርድ አይሱዙ አገኘሁ። ላይ ስንደርስ "እዚህ አውርደኝ" ስለው ሾፌሩ "በዚህ ጉም? አብደሃል?" አለኝ፣ ግን ደግ ሰው ነው፣ "ጭነቱን አራግፌ ስመለስ መንገዱ ላይ ጡሩምባ እነፋለሁ" ብሎኝ ሄደ።

ሳነቴን በጉም ያላያችሁ፣ ምን ብዬ ላስረዳችሁ፣ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ነው፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ብቻ እዚህም እዚያም እንደ ሰው ቆሟል፣ ሁለቱን "ደህና ዋላችሁ" ብያቸዋለሁ፣ አልመለሱልኝም። "ጋሼ! ጋሼ!" እያልኩ ገባሁ። ድምፄን ጉሙ ይውጠዋል። ትንሽ እንደሄድኩ መንገዱም ከጀርባዬ ጠፋ፣ ያኔ ፈራሁ፣ ለሳቸውም ለራሴም።

ከዚያ ሸተተኝ።

መጀመሪያ ጦስኝ። መሬቱ ጦስኝ ነው፣ እየረገጥኩት ነው፣ ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ ጥድ መጣ። ሳነቴ ላይ ጥድ የለም። ከዚያ ያ ቆዳ፣ ያ ኮርቻ። "አይ ሽማግሌው! ተደብቆ ይቀባል ለካ!" ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ፣ በደስታ ጉልበቴ ተመለሰ፣ ሽታውን ተከተልኩ። ወደ ግራ ስል ይሳሳል፣ ወደ ቀኝ ስል ይወፍራል፣ ልክ እጄን ይዞ እንደሚመራኝ ሰው። ቆይቶ ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ሰው የተቀመጠበት ኮርቻ የሚያሰማው ድምፅ። ኮቴ ግን የለም። ፊት ለፊቴ ጉሙ ሳሳ ሲል አንድ ጀርባ አየሁ፣ ጀርባ ብቻ፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ እኔ ወደ ኋላ ስቀር እሱም ይቆማል።

"ጋሼ፣ ይቁሙ እንጂ! እኔ ነኝ!"

ጀርባው መሄዱን ቀጠለ። ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ፣ ፀጉሬም የቆመው። ነፋሱ ከኋላዬ ነው የሚነፍሰው፣ ማጅራቴን እየመታኝ፣ ሽታው ደግሞ ከፊቴ ነው የሚመጣው። ሽታ ነፋስን ገፍቶ አይመጣም፣ ይህን አፍንጫ ያለው ሁሉ ያውቃል። ልመለስ አሰብኩ። አልማዝ "አባቴን" ያለችው ትዝ አለኝ፣ ሄድኩ።

ከዚያ ልክ ክዳን እንደተገጠመበት ሽታው ቀጥ አለ። ጀርባውም የለም። ከእግሬ ሥር ድንጋይ ተጠግተው፣ በካፖርታቸው ተጠቅልለው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ የተቀመጡት ጋሽ ደበሌ ናቸው። ዳማ አጠገባቸው ቆማለች።

"የት ሄደህ ነው?" አሉኝ በቁጣ። "እዚህ ይቀመጡ ብለኸኝ ጠፋህ!"

"እኔ? ጋሼ፣ አሁን መድረሴ ነው።"

"አትቀልድ። ከቅድም ጀምሮ ማን ነው የመራኝ? ዓይኔ ምን ያያል፣ በዚያ ሽቶህ ነው የተከተልኩህ። 'ኮቱ፣ አባ ኮ' እያልክ፣ ና አባቴ እያልክ። ገደሉ አፋፍ ስደርስ ይቁሙ አልከኝ።"

ቀና አልኩ። ጥቂት እርምጃ እልፍ ብሎ መሬቱ ያልቃል። ጎንበስ ብዬ አንገታቸውን አሸተትኩ፣ እርጥብ ሱፍ፣ ጭስ፣ ፈረስ፣ ሌላ ምንም። እጄን አሸተትኩ፣ ምንም። ዳማ ግን ጆሮዋን አቁማ ወደ ጉሙ ታያለች፣ እኛን ዞር ብላም አላየችን።

ዳማ ላይ አወጣኋቸው፣ ልጓሟን ለቀቅኩላት፣ መንገዱን የምታውቀው እሷ ናት። የአይሱዙው ጡሩምባ ሲሰማ ማልቀሴን ለአልማዝ አልነገርኳትም፣ እናንተም እንዳትነግሩብኝ።

ቤት ስንደርስ አልማዝ አንዴ አባቷን አንዴ እኔን ታቅፋለች፣ እኔ በቀጥታ ወደ ቁምሳጥኑ። ጠርሙሱ እንዳመጣሁት ነው። የላይኛው ፕላስቲክ እንኳ አልተቀደደም።

"ጋሼ" አልኳቸው ሙቅ ነገር ጠጥተው ነፍሳቸው መለስ ስትል፣ "ድምፁ የእኔ ነበር?"

"ያንተው ነው። አንድ ነገር ብቻ ገርሞኝ ነበር።"

"ምን?"

"ጉራ የለውም። በጣም ጨዋ ነው። ልጁ ዛሬ ሰው ሆነ ብዬ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር።"

ሁላችንም ሳቅን፣ እማማ ዘነቡ እስኪያስላቸው ድረስ። ከዚያ ሁላችንም አንድ ላይ ወደ በሩ አየን።

ከዚያ ወዲህ ጎባ ሄጄ በር ሳንኳኳ ጋሼ ቶሎ አይከፍቱልኝም። ከውስጥ "ጉራ ንዛ!" ይሉኛል። "በኦሮሚያ እንደ እኔ ያለ አፍንጫ አልተፈጠረም!" ብዬ እጮሃለሁ፣ ጎረቤት ይስቃል፣ "አዎ፣ አንተው ነህ" ብለው ይከፍታሉ። ጨዋታ አድርገነው ነበር።

ባለፈው እሑድ ሄድኩ፣ አንኳኳሁ፣ ሳይጠይቁኝ ነዛሁት፣ ነዛሁት፣ በሩ አልተከፈተም። በመጨረሻ በሩ ገርበብ አለ፣ ጋሼ እጃቸውን ሰደው ፊቴን ዳሰሱኝ፣ ኮሌታዬን አሸተቱኝ።

"ቅድም የመጣኸው አንተ አይደለህም?"

"ከሚኒባስ አሁን መውረዴ ነው፣ ጋሼ።"

እጃቸውን ከፊቴ አንስተው "ጉራ ንዛ ስለው ዝም አለ፣ እኔም አልከፈትኩለትም" አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ክፉ ሠራሁ መሰለኝ፣ ልጄ፣ ውጪው እኮ ብርድ ነው" አሉ።

ስገባ በሩን ልዘጋ እጄን ሰድጄ ነበር። አልዘጋሁትም። ክፍቱን ተውኩት፣ ግን እስክሄድ ድረስ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ መቀመጥ አልቻልኩም።