ሲንቄውን አንሺ

አላምንም የሚል ካለ አሰላ መጥቶ ሩዋይዳን ይጠይቃት። ሱቋን ማንም ያሳየዋል። እኔ የነገረችኝ ላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ሐምሌ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጉም ከተማውን ውጦታል... ማዶ ያለው ጎሚስታ ቤት እንኳ አይታይም።

ሩዋይዳ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ይበልጥ የምትታወቀው ግን በቴሌግራም ግሩፗ ነው፤ ፖለቲካ የምንከራከርበት። ሕጉ አጭር ነው። ሐሳቡን ተቃወም፣ ሰውየውን ተው። ዘርና ሃይማኖት አይነካም። ነገር ሲከር ደግሞ ሱቋ ግድግዳ ላይ የሰቀለችውን ሲንቄ ፎቶ ትለጥፋለች።

ሲንቄ እናት ለሴት ልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት በትር ነው። አርሲ ውስጥ ሴት እሱን ይዛ የተጣሉ ሰዎች መሀል ከቆመች ጠቡ እዚያው ያበቃል። አልፎ የሚማታ የለም።

ግሩፑም ላይ ያው ነው። ፎቶው ከወጣ በኋላ የጻፈ ይባረራል። የገዛ ወንድሟን ነስረዲንን እንኳ አባርራዋለች፤ ሳምንት ሙሉ አኩርፏት ነበር።

የዚያን ቀን መምህር ወንድምአገኝ ስለ ምርጫ አንድ ሐሳብ ጻፈ። ስድቡ ወረደበት። በመሀል ስምም ፎቶም የሌለው አባል ብቅ አለ።

«ቤቱን ማን ያውቃል?»

የሩዋይዳ ደም ፈላ። ሲንቄውን ለጠፈች።

ሁሉም መጻፉን አቆመ...

«ቤቱን ማን ያውቃል?»

አባረረችው።

«ቤቱን ማን ያውቃል?»

መብራት ጠፋ። ኔትዎርኩም አብሮ ሄደ። መልእክቱ ግን መግባቱን አላቆመም...

«እቤቱ የለም። አንቺ ጋ ነው።»

እውነት ነው። ወንድምአገኝ የክረምት ትምህርት ፈተና ሊያባዛ መጥቶ ከጀርባዋ ቆሟል።

«ልውጣ፣ ሩዋይዳ» አለ በሹክሹክታ።

«ቁጭ በል።»

«ልጆች አሉሽ እኮ...»

«ቁጭ በል አልኩህ። ቤቴ የገባን ሰው አሳልፌ አልሰጥም።»

በሩ ተንኳኳ።

«እህቴ፣ ክፈቺ። እኔ ነኝ።»

የነስረዲን ድምፅ ነው። ነስረዲን ግን ጠዋት ዴራ ከተማ ወርዷል... ደግሞ ድምፁ የመጣው ከበሩ ሥር፣ ከመሬቱ ነው።

ፈራች። ቢሆንም ሲንቄውን ከግድግዳው አወረደችና በሩን በረገደችው።

ደጁ ላይ ጉም ብቻ።

ሲንቄውን የበሩ ደፍ ላይ አጋድማ ከኋላው ቆመች።

«ነስረዲን ከሆንክ ሲንቄ አትሻገርም። ካልሆንክ ተሻገርና ልይህ።»

ጉሙ ውስጥ አንድ ነገር ተነፈሰ። ሙቀቱ ፊቷን ነካት...

«አንሺው» አለ የወንድሟ ድምፅ።

«አላነሳም።»

«አንሺው...»

«ሰውየውን አትወስድም። ግሩፑንም አልዘጋም። ሂድና ሌላ ቦታ ተሳደብ።»

ብዙ ቆየች እንደዚያው።

ጉሙ ሲገፈፍ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ጭቃው ላይ አንድም ዳና የለም። ሲንቄው ላይ ግን የአምስት ጣቶች የጭቃ አሻራ ነበር... ጣቶቹ በትሩን ሁለቴ ዞረውታል።

ወንድምአገኝ በሰላም እቤቱ ገባ። ዛሬም ይጽፋል፣ እኛም እንሞግተዋለን።

«ግሩፑን ዝጊውና ይቅርብሽ» ያላት ሰው ብዙ ነው። እሷ በትሩን ከነጭቃው ፎቶ አንስታ የግሩፑ መለያ አደረገችው።

«እጁን አይቼዋለሁ፤ እሱም እኔን ይየኝ» ነው ያለችው።

በትሩን በማግስቱ አጥባዋለች። ንጹሕ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ፎቶው ላይ ያለው ጭቃ ግን እስካሁን እርጥብ ነው። አንዱ ስድብ መጻፍ ሲጀምር ደግሞ...

ጣቶቹ በትሩን ጠበቅ ያደርጋሉ። ያኔ ሁላችንም እጃችንን ከስልኩ ላይ እናነሳለን።